ኬልቪን ዋስትና የፈለገ ጊዜ

ኬልቪን ፓስኮ ራሱ ሊጠግነው ለሚችለው ነገር ለሌላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ አያውቅም። የቤታቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን በእሱ እጅ ስንት ጊዜ ተፈትቶ እንደተገጠመ ሚስቱ ሬሊን ቁጥሩ ጠፍቷታል። አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣ ሊገዙ ሄደው፣ ሻጩ ልጅ "ትንሽ ጨምረው ዋስትናውንም ቢወስዱስ?" ቢለው፣ "እኔ እያለሁ?" ብሎ ሱቁን ጥሎ ወጣ። የልጁን ፊት ቀና ብላ ሳታይ ሂሳቡን የከፈለችው ሬሊን ናት።

ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት በማኖሊ የመኪና መሸጫ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው፣ ባሏ ጉሮሮውን ጠርጎ "ዋስትናውን እንወስዳለን" ሲል፣ የሰማችው የእሱ ድምፅ አልመሰላትም።

"ማነው የሚወስደው?" አለች።

"እኛ።"

"አንተ ነህ እንዲህ የምትለው?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው? እዚህ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን።"

ማኖሊ ብዕሩን እያሽከረከረ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። ልጅ ሳለ ሬሊን በምትነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይመላለስ የነበረ፣ የጓደኛውን ጫማ በመስኮት ወርውሮ መሀል መንገድ ላይ ያስቆማት ረባሽ ነበር። አሁን ፀጉሩ ሸሽቶ፣ ሆዱ ገፍቶ፣ የራሱን ግቢ ከፍቶ መኪና ይሸጣል፤ እሷን ግን ዛሬም "ወይዘሮ ፓስኮ" እንጂ ሌላ መጥራት አይሆንለትም።

"ወይዘሮ ፓስኮ፣ እኔ ምንም አልገፋፋሁም" አለ። "ነገሩን አስረዳሁ እንጂ። መኪናዋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፋብሪካው ዋስትና አልቋል። ይህኛው ለሦስት ዓመት ነው። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የውሃ ፓምፑን ሁሉ ይይዛል። የሚፈረመው ግን ቅዳሜ መኪናዋን ስትረከቡ ነው። ያ ካለፈ አይሆንም።"

በመስኮቱ ማዶ መኪናዋ ቆማለች። ነጭና ረጅም ናት፤ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አልጋ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት አላት። ቤትም ናት፣ መኪናም ናት። ባለፈው ሳምንት ቀብዱን ሲከፍሉ ሬሊን መሪዋን ጨብጣ ተቀምጣ አልወርድም ብላ ነበር።

"ወረቀቱን ስጠኝ" አለችው ማኖሊን። "ቤት ወስጄ ላንብበው።"

"ሁሉንም?"

"ምነው፣ ማንበብ የማልችል መሰለህ?"

"ኧረ እኔ እንደዚያ አልወጣኝም!"

አመሻሹ ላይ ኬልቪን ጓሮ የበግ ሥጋ ሲጠብስ፣ ሬሊን መነጽሯን አድርጋ ከአጠገቡ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱ ብዙ፣ ፊደሉ ደግሞ ደቃቅ ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"ስማ ይህን። 'መኪናው በየስድስት ወሩ በሸጠው ድርጅት ግቢ ሰርቪስ ካልተደረገ ዋስትናው ይሰረዛል።' ሰማህ? በሸጠው ድርጅት። ማኖሊ ጋ ማለት እኮ ነው፤ እዚሁ ፖርት ፒሪ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ያን ጊዜ እንሄዳለን ባልናት ባሕር ዳርቻ፣ ብሩም ከተማ ብንሆንስ?"

"እንመለሳለና።"

"ከብሩም? አገሩን በሙሉ አቋርጠን? ለዘይት ቅየራ?"

ኬልቪን ሥጋውን ገለበጠ። "ሰው መቼም ወደ ቤቱ ይመለሳል" አለ።

"ደግሞ ፒስታ መንገድ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም። እርጅና ላመጣው አይከፍሉም። ዝናብ ቢያስገባ አይከፍሉም። ለምኑ ነው የሚከፍሉት? በር ላይ ቆማ ለተበላሸችው?"

"ሬሊን፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሺ በይኝ። ፈለግኩት አልኩ፣ ፈለግኩት።"

ከዚያ በኋላ ምን ብትለው ወይ ፍንክች። ሥጋውን በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ የፊልም ጣቢያ ከፈተ። ነገሩ አልዋጥላት ያለው ሬሊን ግን ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነዳችው ያንኑ መንገድ ነው። ጠዋት ከፖርት ፒሪ ተነስታ በየመንደሩ ልጆች ስትለቅም፣ ከሰዓት በኋላ በየደጃፋቸው ስትበትን፣ አመሻሹ ላይ አውቶቡሷን ከነበረበት ቦታ መልሳ ታቆማለች። ዋርነርታውን መገንጠያ ላይ እሷ ስትታጠፍ፣ ከፊቷ ያሉት ከባድ መኪናዎች ቀጥ ብለው ወደ ሰሜን ይጓዛሉ። በየቀኑ ስታያቸው፣ "ጡረታ ስወጣ እኔም ቀጥ እላለሁ" ትል ነበር። ኬልቪንም ይህን ያውቃል። ከእርሳስ ማቅለጫው ፋብሪካ ሥራውን ያቆመ ዕለት "በይ እንግዲህ፣ ቀጥ እንበል" ያላት እሱ ራሱ ነው። አሁን ወረቀቱን ስታነብ የታያት ያው የድሮው አውቶቡስ ሆነባት፤ ዙሩ ሰፋ አለ እንጂ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ የሚቆም።

"እንዲህማ አይሆንም" አለች ለራሷ። "መላ አበጅለታለሁ።"

በማግስቱ ኬክ ጋግራ፣ ከከተማው ዳር መንገደኞች መኪናቸውን አቁመው ወደሚያድሩበት ሜዳ ሄደች። እዚያ ከየአቅጣጫው የመጡ ጡረተኞች ከየቤት መኪናቸው ፊት ሸራ ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ኬኩን ከፍታ ጥያቄዋን ስታቀርብ ወንበር ስበው ከበቧት።

መጀመሪያ የተናገረው ኔቪል የሚባል፣ ባርኔጣው ላይ የዓሣ መንጠቆ የሰካ ሽማግሌ ነው። "ውሰጂ!" አላት። "እኔ ማቀዝቀዣዬ ማውንት አይዛ ላይ ሞተብኝ። ያን ሙቀት ታውቂዋለሽ አይደል? ደወልኩ፤ አዲስ ገጠሙልኝ። አምስት ሳንቲም አላወጣሁም።"

"ዕድለኛ ነሃ!" አለች ከታዝማኒያ የመጣች ግሌኒስ የምትባል ሴት፣ ኬኳን እያላመጠች። "የእኔ ካምቢዮ ሲሄድ አቧራ ነው ያጠፋው አሉኝ። አቧራ! አውስትራሊያ ውስጥ አቧራ የሌለበት መንገድ የት ነው ያለው? ሦስት ወር ስደውል ከረምኩ። ከእነሱ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ስልኩ ላይ የሚያሰሙትን ሙዚቃ በቃሌ መያዜ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ከሰው ጋር መነጋገር አታውቂበትም" አላት ኔቪል።

"ከአንተ ጋር እየተነጋገርኩ አይደል? ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?"

ሁሉም ሳቁ። ግሌኒስ ወደ ሬሊን ዞር ብላ፣ ለዋስትናው የሚጠየቀውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጣ ሲበላሽ ከዚያ እንደምታወጣ ነገረቻት፤ ካልተበላሸ የራሷ ነው። ኔቪል ደግሞ ሞተሩ አንዴ ነክሶ ቢቆም ያ ገንዘብ የትም አያደርስም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሬሊን የኬኩን ቆርቆሮ ይዛ ልትነሳ ስትል ኔቪል "ሰርቪሱን ሌላ ቦታ እንድታስደርጊ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቀሻል?" አላት። አልጠየቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ማኖሊ ቢሮውን ሳይከፍት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ኩባንያው ጋ ደውል" አለችው። "ብሩም የሚገኝ መካኒክ ሰርቪሱን ቢሠራው ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቅልኝ።"

"እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ።"

"ይኸው እኔ ጠየቅኩህ።"

ማኖሊ ደወለ። ሙዚቃው ጀመረ። ሻይ አፈላ፤ ሙዚቃው ቀጠለ። ሁለት ደንበኞች ገብተው ወጡ። "ወይዘሮ ፓስኮ፣ ሄደው ቢያርፉና እኔ ብደውልልዎትስ?" ቢላት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ "ተመችቶኛል" አለችው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ስልኩን አነሳች። ቀድሞ ተደውሎ ከተፈቀደና ደረሰኙ ከተላከላቸው የትኛውም ፈቃድ ያለው መካኒክ ሊሠራው ይችላል አለች። ሬሊን ስልኩን ከማኖሊ እጅ ወሰደችና "ይህንኑ በጽሑፍ ላኪልኝ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። ጽሑፉ መጣ። ማኖሊ አትሞ ሰጣት።

መንገድ ላይ ሁለት የሥጋ ፓይ ገዝታ ወደ ቤቷ ስትነዳ እያፏጨች ነበር። እሱም ዋስትናውን አገኘ፣ እሷም ብሩምን። ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ኬልቪን ቤት አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜም አይኖርም፤ የመርሳት ሕመም ይዞት የአረጋውያን መጦሪያ ያለውን ወንድሙን ዴስን ምሳ ሊያጎርስ ይሄዳል። ሲመለስ ፓዩን ከወረቀቱ ጋር ፊቱ አስቀመጠችለት።

"ይኸውልህ! ዋስትናህንም ያዝ፣ እኔንም ብሩም ውሰደኝ። የትም ብንሆን እዚያው ሰርቪስ ማስደረግ እንችላለን። በጽሑፍ ነው።"

ኬልቪን አነበበው። ደግሞ አነበበው። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

"እንዲህ ከሆነማ ይቅር" አለ።

"ምኑ?"

"ዋስትናው። ምን ያደርግልናል? ስትበላሽ ራሴ እጠግናታለሁ።"

ሬሊን ክው አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ትቀልድብኛለህ? እኔ ለአንተ ብዬ እዚያ ቢሮ ስደርቅ ውዬ!"

"ይቅር አልኩ እኮ። አንቺስ መጀመሪያ የፈለግሽው ይኼው አልነበር?" አለና ፓዩን ሳይነካ ጓሮ ወዳለችው የጥገና ክፍሉ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሰማችው።

ፓዩን ወደ ጎን ገፍታ ብቻዋን ተቀመጠች። ከማክሰኞ እስከ ዛሬ ምን ተለወጠ? ዋጋው ያው ነው። የሚይዘው ዕቃም ያው ነው። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ በስድስት ወር መመለስ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሉ ላይ መጥፎው ነገር እሱ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ኬልቪን ግን የፈለገው እሱኑ ኖሯል። ይህ ሲገባት ሌላውም ተከትሎ ገባት፤ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የት እንደሚሄድ፣ ከማን ዘንድ እንደሚመለስ።

ተነስታ ጓሮ ሄደች። ኬልቪን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ብሎን ይለቅማል።

"ዴስ ነው፣ አይደል?" አለችው።

አንድ ብሎን ሳጥኑ ውስጥ ጣለ።

"ኬልቪን፣ እንቅጩን ንገረኝ።"

"ከሌላ ሰው እጅ አይጎርስም" አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከብሎኖቹ ሳያነሳ። "ያቺ ነርሷ ሱኒታ ጥሩ ልጅ ናት፤ እሷ እንኳ ማንኪያውን ስታቀርብለት አፉን ይዘጋል። እኔን ሲያይ ይከፍታል። ስሜን እንኳ አይጠራም፣ ግን ይከፍታል።"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

"ምን ብዬ? ሠላሳ ዓመት ስትጠብቂ የኖርሽውን ነገር እኔ ነኝ የማስቀርብሽ? አፌን እንዴት አድርጌ ልክፈት? ከዚያ ያ ወረቀት መጣ። ስድስት ወር ይላል። በቃ፣ እኔ ሳልሆን ውሉ ይመልሰናል አልኩ። አንቺም በእኔ አትቀየሚ፣ በማኖሊ ትቀየሚያለሽ።"

ሬሊን ልትጮህበትም ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም ትታ የብሎኑን ሳጥን ከፊቱ ገፋችው።

"አርባ አራት ዓመት ከእኔ ጋር ኖረህ፣ የምታምነው የማኖሊን ወረቀት ነው? እንመለስ ብትለኝ አንመለስም የምልህ መስሎህ ነው?"

"አይ..."

"አይ አትበለኝ! መስሎሃል። ስማ እንግዲህ። መሄዱን አልተውም። ቀጥ እላለሁ ብያለሁ፣ ቀጥ እላለሁ። ነገር ግን በሁለት ወር እንመለሳለን። ዴስን አይተህ፣ ደስ ካለህ ደግሞ እንሄዳለን። የሚመልሰን ውል አይደለም፤ እኔ ነኝ ቃል የምገባልህ። ይህ ይበቃሃል ወይስ ደግሞ ፈርሚ ትለኛለህ?"

ኬልቪን ቀና ብሎ አያት። "ይበቃኛል" አለ፤ ድምፁ ግን አልጠነከረም። "ዴስስ? በእነዚያ ሁለት ወራት ማን ያጎርሰዋል?"

"እሱን አንተና እኔ ሄደን እንጠይቃለን። አሁኑኑ። ጫማህን አድርግ።"

ሱኒታ መጦሪያው ኮሪደር ላይ ቆማ ሰማቻቸው። ከኔፓል የመጣች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ነርስ ናት። "አቶ ኬልቪን፣ ይበላል ብዬ አልዋሽዎትም" አለች። "ሊለምደን ይችላል፣ ላይለምደንም ይችላል። ግን እርስዎ እዚህ እያሉ ብንሞክረው ይሻላል። ከሄዱ በኋላ መሞከር ለሁላችንም ከባድ ነው።"

የሚሄዱት በእነሱ አገር ብርዱ በሚገባበት በግንቦት ስለሆነ ለመሞከሪያ ጊዜ ነበራቸው።

የዋስትናው ነገር ግን ገና አልተቆረጠም ነበር። አሁን ቢያንስ ሳይደባበቁ ሊነጋገሩበት ቻሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኬልቪን ማኖሊን አስፈቅዶ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ገባ። ሬሊን ባትሪ ይዛ ጎንበስ ብላ ታበራለታለች።

"ከዚህ ሁሉ የማትጠግነው የቱ ነው?" አለችው።

"ሞተሩ ቢነክስና ካምቢዮው ቢሄድ። መንገድ ላይ እነሱን አልችልም።"

"ሌላውስ?"

"ሌላውን ዓይኔን ጨፍኜ።"

"ካምቢዮው እንዴት ነው?"

"ደህና ይመስላል። የካምቢዮ ሆድ ግን በማን ይታወቃል?"

"እንግዲያው እንድፈር ወይስ እንክፈል?"

ካምቢዮውን በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ "የምንሄደው ፒስታ መንገድ ነው" አለ። "ብንከፍልም ግማሹን ጊዜ ምክንያት ያገኙብናል። ገንዘቡን ለብቻው እናስቀምጠው። ከጠፋ በእኛው እጅ ይጥፋ።"

"እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት" አለች፤ ልቧ ግን ትንሽ ፈርቶ ነበር።

ቅዳሜ ማኖሊ ሁለቱን ወረቀት አሰልፎ ብዕሩን አቀረበ። ሬሊን የመኪናዋን ግዢ ፈረመችና ሌላውን መለሰችለት።

"አንወስድም።"

"እንዴ!" አለ ማኖሊ። "ሐሙስ ዕለት ያን ሁሉ ሙዚቃ ያሰሙኝ ለዚህ ነው?"

"ጥሩ ሙዚቃ ነበር" አለችው።

ኬልቪን ሳቀ። ማኖሊም ትከሻውን ነቅንቆ ቁልፉን ሰጣት፤ ለእሱ ሳይሆን ለእሷ።

ግንቦት እስኪደርስ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም መጦሪያው ይሄዱ ጀመር። ሱኒታ ማንኪያውን ይዛ ትገባለች፤ ኬልቪንና ሬሊን ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያ ቀን ዴስ አፉን ገጥሞ ግድግዳውን አየ። ሾርባው ቀዘቀዘ። ኬልቪን ሊነሳ ሲል ሬሊን እጅጌውን ያዘችው።

"ልቀቂኝ። ርቦታል።"

"ማታ ታጎርሰዋለህ። አሁን ተቀመጥ።"

"ጨካኝ ነሽ።"

"ነኝ" አለች። እጅጌውን ግን አልለቀቀችም። እንዲህ ሲሆን ሰነበተ። አንዳንድ ቀን ኬልቪን መታገሥ ያቅተውና ዘሎ ይገባል፤ በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አንድ ቀን ሱኒታ ሾርባውን ትታ ከእንቁላልና ከወተት የሚሠራውን ጣፋጭ አቀረበችለት። ዴስ ለረጅም ጊዜ አያት። አፉን ከፈተ። ኬልቪን በበሩ ስንጥቅ አይቶ ወደ ግቢው ወጣ፤ ሬሊን ስትከተለው ዛፍ ሥር ቆሞ አፍንጫውን ሲናፈጥ አገኘችው።

"ደስ አላለህም?"

"ብሎኛል" አለ። "ከእኔ ሌላ አይፈልግም ብዬ ነበር እኮ።"

ግንቦት ላይ ጉዞውን ጀምረው ዋርነርታውን መገንጠያ ሲደርሱ መሪውን የያዘችው ሬሊን ነበረች። ቀጥ አለች። ኬልቪን ጉልበቷን መታ መታ አደረገላት።

የውሃ ፓምፑ ኩበር ፒዲ ከተማ ሳይደርሱ ቆመ። ኬልቪን መንገድ ዳር ሸራ አንጥፎ ፈታው፣ ጠረገው፣ ገጠመው፤ ሲያፏጭ ሰማችው። ከዚያ በኋላ ግን የፈሩት መጣ። ቴናንት ክሪክ ሊገቡ ሲሉ ካምቢዮው ማርሽ መቀበል እምቢ አለ። በጭነት መኪና ተጎትተው ከተማ ገቡ። መካኒኩ ከሥር ወጥቶ ዋጋውን ሲነግራቸው ሬሊን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለብቻው ያስቀመጡት ገንዘብ ሁሉ ይሄዳል፤ ሌላም ይጨመርበታል።

"ማኖሊ ይህን ቢያይ!" አለች።

ኬልቪን ከጎኗ ተቀመጠ። "ይከፍሉልን ነበር?"

"ምናልባት። ወይም አቧራ ነው ይሉን ነበር። ማን ያውቃል?"

ሁለቱም አላወቁም፤ ዛሬም አያውቁም። ያን ቀን ሬሊን ወረቀቱን ብፈርም ኖሮ ብላ አልተቆጨችም ማለት ውሸት ነው፤ ተቆጭታለች። ግን ቁጭቱ ምሳ እስኪበሉ ነው የቆየው።

ዕቃው ከአዴላይድ እስኪመጣ ጊዜው ሄደባቸው። ኬልቪን በየቀኑ ለሱኒታ ይደውላል። ዴስ አንዳንድ ቀን ይበላል፣ አንዳንድ ቀን አይበላም፤ ክብደቱ ግን አልቀነሰም። መኪናዋ ተጠግና ስትወጣ ሬሊን ካርታውን ዘርግታ ቀኑን ቆጠረች። ብሩም ደርሰው በሁለት ወር ቤታቸው መግባት አይችሉም። ካርታውን አጠፈችው።

"ከዚህ እንመለስ" አለች። "ብሩም የትም አይሄድም።"

"ለምን?"

"ቃል ገብቼልህ የለ?"

ኬልቪን ካርታውን ከእጇ ወስዶ እንደገና ዘረጋው። "ቃሉን የገባሽው ለእኔ አይደል?" አላት። "እኔ ደግሞ ከቃልሽ ፈትቼሻለሁ። ትናንት ሱኒታን አነጋግሬያታለሁ። ንጂ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም። ንጂ ግን።"

ብሩም ሲደርሱ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ሬሊን ጫማዋን ሳታወልቅ እርጥቡን አሸዋ አቋርጣ እስከ ጉልበቷ ገባች። ኬልቪን ከዳር ሆኖ "ጫማሽ!" እያለ ይጮኻል። ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ፖርት ፒሪ የገቡት ካሰቡት እጅግ ዘግይተው ነው። ኬልቪን ቤት እንኳ ሳይደርስ በቀጥታ መጦሪያው በር ላይ እንድታቆም ለመናት። ምሳ ሰዓት ነበር። ሱኒታ ማንኪያውን ይዛ ዴስ አጠገብ ተቀምጣለች። ኬልቪንን ስታይ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችለት።

ዴስ ወንድሙን ከላይ እስከ ታች አየው። ሬሊን በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

"ጨው ልታመጣ ሄደህ እንዲህ ትቆያለህ?" አለ ዴስ።

ኬልቪን ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ማንኪያውን ከሾርባው ነከረ።

"ወረፋ ነበር" አለው።

ዴስ አፉን ከፈተ።